መልከጼዴቅ አልጠፋም

ባሌ ጠፍቷል ተብሎ ሊጻፍ ሲል ባሌ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር።

ወይ ጉድ! ሰው ከነኮፍያው፣ ከነዚያ ትልቅ የእጅ ሰዓቱ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠፋል? እንደዚህ ያለ አጠፋፍ በየት አገር አለ? ግን ፎርሙ ላይ ያሉት ሳጥኖች ሦስት ብቻ ናቸው። ዳነ፣ ጠፋ፣ ሞተ። የስኳር በሽተኛ አይድንም። ባሌ ደግሞ አልሞተም። ስለዚህ ይጥፋ ተባለ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እኔ ማንያህልሻል እባላለሁ። ጁባ ውስጥ፣ ካቶር ሰፈር፣ ስድስት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት አለችኝ። ምላሷ ረጅም ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። ባሌ መልከጼዴቅ ደግሞ የአንድ ሆቴል ጄነሬተር ተቆጣጣሪ ነው። ጁባ ውስጥ ጄነሬተር ከቆመ ሆቴሉም ቆመ ማለት ነው፤ ስለዚህ የእሱ ሥራ ሰዓት መጠበቅ ነው። ይህን ያህል ሰዓት ሲሠራ ዘይት፣ ይህን ያህል ሰዓት ሲሠራ ፊልትሮ። ስንጋባ ቄሱን «አባ፣ አሥር ደቂቃ ዘግይተዋል» ያለ ሰው ነው። አፈር ስሆን፣ እውነቴን ነው። ያን ቀን ነው ምን ዓይነት ሰው እንዳገባሁ የገባኝ።

ስኳር ከያዘው ስምንት ዓመት አልፎታል። ኪኒኑ እንቢ ሲለው ባለፈው ጥቅምት ኒምራ ታላታ ሰፈር ያለው ክሊኒክ መርፌ አስጀመሩት። ክሊኒኩ የተሠራው ለወባ፣ ለቁስልና ለወሊድ ነው። የስኳር መርፌ የሚሰጠው ለአርባ ሰው ብቻ ሲሆን የባሌ ስም ከአርባዎቹ አንዱ ሆነ። እልል ነው ያልኩት። መብራት ስለማይታመን መድኃኒቱን በምን እናስቀምጠው ብለን ስንጨነቅ ሲስተር ናፉላ የምትባለው ኬንያዊት ነርስ መላውን ነገረችን። ሁለት የሸክላ ማሰሮ፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ፣ መካከላቸው እርጥብ አሸዋ። ይኸው እስከ ዛሬ በዚያ ቀዝቅዞ ይኖራል።

ከመድኃኒቱ ጋር አንዲት ወረቀት ሰጡን። በአማርኛ! በሰው አገር፣ በራሳችን ፊደል! ዋናው ቢሮ በኮምፒውተር አስተርጉሞ ነው አሉ ያስመጣው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ወረቀቷ እንዲህ ትላለች፦ «ቀን 7 ሰዓት፣ ሌሊት 7 ሰዓት። ሰዓቱን ያክብሩ።»

መልከጼዴቅን ሰዓት አክብር ማለት ዓሣን ዋኝ እንደማለት ነው። ቀን ሰባት ሰዓት ሲሆን የያዘውን መፍቻ ጥሎ በሞተር ሳይክል ከሆቴሉ ይመጣና ይወጋል። ሌሊት ሰባት ሰዓት ስልኩ ሲጮህ እኔ እየተራገምኩ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ፤ እሱ በባትሪ ብርሃን ተወግቶ ተመልሶ ይተኛል። አንድም ቀን፣ አንድም ደቂቃ አላሳለፈም። ልጅ እንኳ ጡቱን እንደዚህ አይጠብቅም።

በሦስተኛው ሳምንት ንጋት ላይ ስነቃ አልጋው ርሷል። ባሌ በላብ ተጠምቆ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ «እማዬ፣ በጎቹ ገቡ?» ይለኛል። እኔን! ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ስኳር በጥብጬ በግድ ጋትኩት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ነፍሱ ተመለሰችና «ምነው አረጠብሽኝ?» አለኝ። እያለቀስኩ ሳቅሁ።

በሳምንቱ ደገመው። ከዚያ ሠለሰ። በሦስተኛው ጊዜ ጎረቤቶቻችን ተሸክመው ክሊኒኩ አደረሱልኝ። ያን ዕለት ተረኛ የነበረው ልጅ የሥራ ቦታውን ጠየቀ። «ሆቴል» አልነው። ፈገግ አለና ካርዱ ላይ «ይጠጣል» ብሎ ጻፈ። መልከጼዴቅ እኮ ለልጃችን ክርስትና የተጠመቀውን ጠላ ቀምሶ ሦስት ቀን የተኛ ሰው ነው! ስንት ሰዓት እንደሚወጋ ደግሞ ጠየቁት። ወረቀቱን አውጥቶ ሰባት ቁጥር ላይ ጣቱን አሳረፈና በጁባ ዓረቢኛ «ሳባ» አላቸው። «ታማም» አሉ። ልክ ነው ማለታቸው ነው። ከዚያ ለሐሙስ ኑ አሉን።

ሐሙስ ስንሄድ ግቢው ሕፃን ባቀፉ እናቶች ተሞልቷል። ከቆርቆሮው ሥር አየሩ ይፋጃል። የክሊኒኩ ኃላፊ ዶክተር ፒትያ ክፉ ሰው አይደለም፤ የደከመው ሰው ነው። ዓይኑ ደም ለብሷል። የሚያወራው በጁባ ዓረቢኛ ነው፤ ወደ አማርኛ የመለስኩላችሁ እኔ ነኝ።

«እማማ» አለኝ፣ ሃምሳ ሳይሞላኝ፣ «ባልሽ ሦስት ጊዜ ወድቋል። ትእዛዝ የማያከብር ሰው ከመድኃኒቱ መርዙ ይበዛበታል። ደንቡ ሦስት ጊዜ ነው። ኸላስ፣ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።»

ኸላስ ማለት አበቃ ማለት ነው። መልከጼዴቅ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና አንገቱን ደፋ። ያ አንገቱን መድፋቱ ነው ደሜን ያፈላው።

«ያለ መርፌው ስንት ቀን ይኖራል?» አልኩ።

ዶክተሩ ፎርሙን ወደ ራሱ ሳበ።

«ስንት ቀን ነው ያልኩህ!»

«ወደ ኪኒን እንመልሰዋለን።»

«ኪኒኑ እንቢ ብሎት አይደል እንዴ እዚህ የመጣው? ስለዚህ ይሞታል። በለኛ! ይሞታል በለኝ!»

ባሌ ክንዴን ያዘ። «ማንያ፣ ተይ። ሰው ፊት...»

«አንተ ዝም በል! ይሉኝታ ይዞህ ልትሞት ነው?»

ዶክተሩ ብዕሩን አንስቶ ከሦስቱ ሳጥኖች መካከለኛው ላይ አሳረፈ። ጠፋ የሚለው ላይ። ያኔ ነው ያበድኩት። ጠረጴዛውን ዞሬ ሄጄ እጄን ፎርሙ ላይ ዘረጋሁት።

«የት ነው የጠፋው? እ? ይኸውልህ! ንካው! ጠፋ ብለህ የምትጽፍ ከሆነ መጀመሪያ እኔን ከዚህ አስወጣኝ፤ እኔ ደግሞ በእግሬ አልወጣም።»

ደጅ ያሉት እናቶች በመስኮት ማየት ጀመሩ። ሲስተር ናፉላ ጩኸቱን ሰምታ ገባች። ለስላሳ ሴት ናት፤ የሰው እጅ ይዛ ነው የምታወራው።

«ማንያ፣ ረጋ በይ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የማታውን መርፌ ከተወጋ በኋላ ምን ይበላል?»

«ምን ይበላል? ይተኛል እንጂ! በዚያ ሰዓት ማን ይበላል? ውሻም አይበላ!»

«እራት ሳይበላ ይተኛል?»

«እራቱንማ ከበላ ስንት ሰዓት አልፎት!»

ናፉላ ዶክተሩን አየችው። ከዚያ ባሌን፣ ከዚያ የባሌን የእጅ ሰዓት። ግድግዳው ላይ ያለው የክሊኒኩ ሰዓት አሥር ተኩል ሊል ትንሽ ቀርቶታል።

«አባባ» አለችው፣ «ሰዓትህ ተበላሽቷል።»

እግዚኦ! የመልከጼዴቅን ሚስት ስደቡ፣ ምግብ ቤቱን ስደቡ፤ ሰዓቱን ግን! አንገቱን የደፋው ሰውዬ ቀጥ ብሎ ተነሳ።

«የእኔ ሰዓት?» አለ። «ይህ ሰዓት ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ አንድ ደቂቃ ተሳስቶ አያውቅም!»

«ግን እኮ አራት ይላል።»

«አራት ነዋ! አራት ሰዓት ከሃያ ስምንት።»

«አሥር ነው።»

«በእናንተ አሥር ነው። በእኛ አራት ነው።»

ናፉላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔም ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እኔና እሱ እኮ ለገበያም ለቢሮም በእነሱ ሰዓት ነው የምንቆጥረው። በዓረቢኛ ስንነጋገር በእነሱ፣ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በእነሱ። ወረቀቷ ግን አማርኛ ናት። በአማርኛ ሰባት ሰዓት ሲባል ሰባት ሰዓት ነው፤ ቀኑ ምሳ፣ ሌሊቱ ድፍን እንቅልፍ። የእነሱ ሰባት ግን ከቁርስና ከእራት በፊት ነው። ኮምፒውተሩ ቃሉን ተርጉሞ ሰዓቱን ሳይተረጉም ልኮልናል!

መልከጼዴቅ ስልኩን አውጥቶ የማንቂያውን ሰዓት አሳያቸው። አንድ ሰዓት ይላል፣ በእነሱ አቆጣጠር።

«አንድ ሰዓት?» ዶክተር ፒትያ ከወንበሩ ተነሳ። «ባዶ ሆዱን፣ ሌሊት አንድ ሰዓት ላይ ኢንሱሊን ውጋ ብሎ ማን ነው ያዘዘህ?»

«አንተ!» አልኩት። «አንተ ነህ ያዘዝከው! ሰዓቱን ያክብሩ ብለህ! ይኸው አከበረልህ! ሦስት ጊዜ ሞቶ አከበረልህ!»

ናፉላ ከት ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እኛም ቤት እኮ እንደዚሁ ነው» አለች። «በስዋሂሊ የምንቆጥረው ፀሐይ ስትወጣ ጀምረን ነው። ሳአ ሳባ ካልን ምሳ ሰዓት ማለታችን ነው። እንዴት አላሰብኩትም? እናቴ ብትሆን እኮ ልክ እንደዚሁ ነበር የምትወጋው።»

ዶክተሩ ግንባሩን በመሀረብ ጠረገ። እሺ ይላል ብዬ ስጠብቅ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ይህ ምክንያት ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። የወደቀ ሰው ሁሉ ምክንያት አያጣም። ለዋናው ቢሮ ሰዓት ተምታታ ብዬ ብጽፍ ማን ያምነኛል?»

ድንቄም ማስረጃ! ልናገር አፌን ስከፍት ናፉላ መዝገቡን ገልጣ ቆየችና «ይህቺን ወረቀት የወሰዱ ሌሎች ሐበሾች አሉ» አለች። «ዓሊማ የምትባል ሴት። ካለፈው ወር ጀምሮ አልመጣችም። ጠፋች ተብላ ተዘግታለች።»

«የትኛዋ ዓሊማ?» አልኩ። «ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ሽንኩርት የምታከፋፍለዋ? ትናንት ሽንኩርት የገዛሁት ከማን ሆነና ነው የጠፋችው?»

ስልኬን አወጣሁ። ዶክተሩ እጁን አነሳ። «ምንም እንዳትነግሪያት። እኔ ነኝ የምጠይቃት።»

«ጠይቅ!»

ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። የገበያው ጫጫታ መጣ፣ ከዚያ የዓሊማ ድምፅ። «ማንዬ! ሽንኩርቱ ምን ሆነ ልትዪኝ ነው?»

«ዓሊማዬ፣ ሽንኩርቱ ሰላም ነው። ከክሊኒኩ ዶክተር ጋር ነኝ፤ የሚጠይቅሽን መልሺለት።»

ዶክተሩ ስለ ሰዓት አልጠየቃትም፤ ብልህ ሰው ነው። «መርፌውን ማታ ስትወጊ ከዚያ በፊት ምን እየሠራሽ ነበር?» አላት።

«ምን እሠራለሁ? ተኝቼ ነዋ! የልጄ ስልክ ነው የሚቀሰቅሰኝ። ወላሂ ዶክተር፣ ያ መድኃኒታችሁ ሁለት ጊዜ ንጋት ላይ ለሱብሒ ሶላት ስነሳ መሬት ላይ ዘረጋኝ። ሦስተኛውን ምን ቆርጦኝ እጠብቃለሁ? ተውኩት። አሁን ደግሞ እግሬ ቆስሎ እንቢ ብሎኛል፤ እንዳልመጣ ትቆጡኛላችሁ ብዬ ፈራሁ።»

ናፉላ ስልኩን አነሳችና «ማንም አይቆጣሽም፣ እህቴ፤ ሱቁን ለሰው ሰጥተሽ አሁኑኑ ነይ፣ እግርሽን ማየት አለብኝ» አለቻት።

ዶክተር ፒትያ ተመልሶ ተቀመጠ። ረጅም ጊዜ ፎርሙን አየ። «ጥፋቱ የእኛ ነው» አለ በመጨረሻ። ይህን ለማለት ወንድነት ይጠይቃል፤ አልክድበትም። «መርፌውን ይቀጥላል። ከቁርስ በፊት፣ ከእራት በፊት። ግን ፎርሙ... የዚህ ወር ሪፖርት ዛሬ ይሄዳል። ዋናው ቢሮ ሦስት ነገር ብቻ ነው የሚቀበለኝ። ዳነ ካልኩ መድኃኒቱን ይቆርጡታል። ጠፋ ካልኩ ቦታውን ይወስዱታል። ባዶ ከተውኩት መልሰው ይልኩብኛል። ይህ ቤት የተሠራው ሰው ታሞ መጥቶ ወይ ድኖ ወይ ሞቶ እንዲወጣ ነው። ሁልጊዜ ለሚመጣ ሰው የሚሆን ሳጥን የለኝም።»

ይህን ጊዜ ነው መልከጼዴቅ የተናገረው። እሱ በወር አሥር ቃል ከተናገረ ብዙ ነው።

«ዶክተር፣ ደጅ ያለው ጄነሬተራችሁ ስንት ዓመቱ ነው?»

«እኔ እንጃ። ከመምጣቴ በፊት የነበረ ነው።»

«ከድምፁ አሥራ አምስት አልፎታል። ፊልትሮውም ይቀየርልኝ እያለ ነው።» ኮፍያውን አደረገ። «እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ጄነሬተር ስጠብቅ ዳነ ብዬ ጽፌ አላውቅም። ጄነሬተር አይድንም። በሰዓቱ ዘይቱን ትሰጠዋለህ፣ በሰዓቱ ታየዋለህ፣ ይሠራል። መዝገቤ ላይ አንድ ቃል ናት ያለችው፤ ይሠራል። እኔንም እንደዚያ ጻፈኝ። የምለምንህ አይደለም። እየሠራሁ ነዋ።»

ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር ባሌን እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም፤ ይሰማ፣ ግድ የለኝም።

ብዕሩን ከዶክተሩ እጅ ወሰድኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ! ከሦስቱ ሳጥኖች ጎን አራተኛ ሳጥን አሰመርኩ፤ ጠማማ ሆነ። ውስጡ በአማርኛ አንድ ቃል ጻፍኩ።

«ምን ይላል?» አለ ዶክተሩ።

«አለ» አልኩት። «በእናንተ፣ ፊ።»

ጁባ ውስጥ ዕቃ ስትጠይቁ ሁለት መልስ ነው ያለው። ካለ ፊ፣ ከሌለ ማፊ። ማፊ ስንባል ነው የኖርነው። መድኃኒት ማፊ፣ መብራት ማፊ፣ ቦታ ማፊ። ዶክተር ፒትያ ቃሏን በጣቱ ነካት።

«ዋናው ቢሮ ይመልሰዋል።»

«ይመልሰው። እኛም ተመልሰን እንመጣለን።»

«የሚቀጥለውስ ወር?»

«የሚቀጥለውም ወር ትጽፈዋለህ። ዓሊማንም ትጽፋታለህ። ያችን ወረቀት የወሰዱትን ሐበሾች በሙሉ አንድ በአንድ እየደወልኩ አመጣልሃለሁ፤ እነሱንም ትጽፋቸዋለህ። ወረቀቷን ደግሞ ቅደዳትና ፀሐይና ሳህን ሣልባት፤ ሳህን በየትኛውም ቋንቋ ሳህን ነው።»

ናፉላ ያኔውኑ ወረቀት ስባ መሣል ጀመረች። ዶክተሩ ብዕሩን ከእጄ ተቀበለኝ። ጠማማዋን ሳጥን በማስመሪያ አቀናና ከሥሯ ቃሏን በዓረቢኛ ደገማት። ማህተሙን አነሳ፤ ሊመታ ሲል ቀና ብሎ አየኝ።

«እማማ፣ እስከ መቼ ነው ይህን የምጽፈው?»

«እስኪሞት ድረስ ነዋ!»

መልከጼዴቅ የእጅ ሰዓቱን አየና ተነሳ። ለሆቴሉ ጄነሬተር ሊዘገይ ነው።

«ሞቴም ቢሆን» አለው ለዶክተሩ፣ «በእኔ ሰዓት ነው።»

ማህተሙ ሲመታ እስከ ደጁ ተሰማ።